ካርቶኑን አትክፈቱት ብያለሁ!

ዛሬ ይህን ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ረጅም ነው፤ የቸኮለ ይለፈው።

ፎቶ የማነሳው በትልቅ ካሜራ ነው። ሠርግ ላይ የምታዩትን ማለቴ አይደለም። ሆዱ እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጠውን፣ ከኋላው ደብዛዛ መስታወት ያለውን፣ ራስህን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነህ ዓለምን ተገልብጣ የምታይበትን ነው። ፊልሙ አይጠቀለልም፤ ቅጠል ቅጠል ሆኖ ነው የሚመጣው። የእኔው 4 በ5 ኢንች ነው። ድሮ ከምናውቀው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ከ13 እጥፍ በላይ ይሰፋል። 25ቱ ቅጠል በአንድ ካርቶን ይታሸግና ከላዩ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፦ በፍጹም ጨለማ ውስጥ ብቻ ይከፈት።

ይህን ማስጠንቀቂያ አይቶ የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ኤርፖርት ላይ የእኔን ዕቃ የሚፈትሸው ነው።

በቀደም አንድ ዘመዴ ከዲሲ ሲመጣ አንድ ካርቶን ይዞልኝ መጣ። ምስኪን፣ እስኪደክመው አስረድቷል። «የፎቶ ፊልም ነው፤ ብርሃን ካየ አለቀለት» ብሏል። ፈታሹ «ችግር የለም፣ ቶሎ አይቼ እዘጋዋለሁ» አለው። ቶሎ አይቶ! ፊልሙ እኮ ካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚያየው ለሰከንድ ቁራጭ ነው። ደግሞ ካርቶኑ በቀላሉ የሚከፈት አይደለም። ሦስት ክዳን ተደራርቦበታል። አንዱን አነሳ፣ ሌላ አገኘ። ሁለተኛውን አነሳ፣ አሁንም ሌላ። ሰው በዚህ መሐል «ይህን ሁሉ የደረቡት ለምን ይሆን?» አይልም? አላለም። ጥቁሩን ከረጢት ቀደደና ፊልሞቹን እንደ ካርታ በውዞ አያቸው። ከዚያ «ምንም የለበትም፣ ባዶ ላስቲክ ነው» ብሎ መለሰለት።

የሚያበሳጨው ሰውዬው ክፉ አለመሆኑ ነው። መልሶ አስተካክሎ፣ በፕላስተር ዙሪያውን አጣብቆ፣ «እንዳይበላሽ» ብሎ ነው የሰጠው። በምን አፌ ልውቀሰው?

«በኤክስሬይ አሳልፈው» የምትሉ አላችሁ። የድሮው የሻንጣ ኤክስሬይ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ፣ ማለትም ብዙ ብርሃን የሚፈልግ ፊልምን አንድ ሁለቴ ቢያየው ብዙም አይጎዳውም ነበር። አሁን በየኤርፖርቱ የሚገቡት ሲቲ ስካነሮች ግን ሌላ ናቸው፤ ያላጠብከውን ፊልም ያጨልሙታል። ፊልም አምራቾቹ ኮዳክም ኢልፎርድም ምክራቸው አንድ ነው፦ በእጅ አስፈትሹ። በእጅ ማስፈተሽ ማለት ደግሞ አሁን የነገርኳችሁ ነው።

«እዚሁ ለምን አትገዛም?» ከየት? በአፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የሆነበት፣ ልጆቹም ሙያውን የወረሱበት ከተማ ነው አዲስ አበባ። ፎቶ ቤቱ ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ ጨለማ ክፍል ነበረው። ዲጂታል ሲመጣ ማጠቢያው ሳህን ተጣለ፣ ክፍሉ ኮምፒውተር ገባበት። ዛሬ ፎቶ ቤት ገብተህ፣ የታጠበውን ምስል የሚያጸናውን ኬሚካል ፈልገህ «ፊክሰር አላችሁ?» ብትል ልጁ «የትኛው ሶፍትዌር ነው?» ይልሃል። ውጭም ቢሆን የእኛ ነገር እየጠበበ ነው። ፉጂ አክሮስ የሚባለውን ግሩም ፊልም እ.ኤ.አ. በ2018 አቆመ። በ2019 መለሰው ተብሎ ጨፈርን፤ ለካ የመለሰው ለትንንሾቹ ካሜራዎች ብቻ ነው።

እሺ፣ ፊልሙስ በዘመድ ይመጣል። ምስሉን የሚያወጣው ማጠቢያ ኬሚካልስ? ፈሳሹን ማንም በሻንጣው አይዝልህም። ዱቄቱን ደግሞ አስቡት፤ በከረጢት የታሰረ ነጭ ዱቄት ይዘህ «ለፎቶ ነው» ስትል!

ስለዚህ ራሴ እቀምማለሁ አልኩ። ዲ-76 የሚባለው ማጠቢያ ከ1927 ጀምሮ ያለ ነው፤ ቅመሙም ምስጢር አይደለም። ለአንድ ሊትር ሜቶል 2 ግራም፣ ሶዲየም ሰልፋይት 100 ግራም፣ ሃይድሮኪኖን 5 ግራም፣ ቦራክስ 2 ግራም። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ኬሚካል የሚሸጡ ሱቆችን አዳረስኩ። አንዱ «ድርጅት ነህ?» ይላል። ሌላው በጆንያ ካልሆነ አልሸጥም ይላል። ሦስተኛው ሰልፋይት ስለው ሰልፌት ይመዝንልኛል። «አይደለም» ስለው «ያው ነው፣ ፊደል ነው የሚለየው» ብሎ ይከራከረኛል። ያው አይደለም ወንድሜ! ሰልፋይቱ ነው ማጠቢያውን አየር እንዳያበላሸው የሚጠብቀው። ሰልፌቱ ያንን ሥራ አይሠራም።

አንድ ጓደኛዬ «የቡና አገር ሰው ሆነህ ምን አስጨነቀህ፣ በቡና እጠበው» አለኝ። እየቀለደ አይደለም። ካፌኖል ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ ሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም አንድ መምህርና ተማሪዎቹ የሠሩት ነው። ፈጣን ቡና፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳና ቫይታሚን ሲ ትቀላቅላለህ። ፊልሙን የሚያወጣው ካፌኑ ሳይሆን ቡናው ውስጥ ያለው አሲድ ነው። ታዲያ ችግሩ ምን መሰላችሁ? ይህን የሚሠሩ ሰዎች የሚመርጡት ርካሹን የሮቡስታ ፈጣን ቡና ነው፤ አሲዱ በሮቡስታ ይበዛል። የእኛው አረቢካ ነው። የይርጋጨፌ ቡና አፍንጫዬ ሥር እየተቆላ፣ እኔ ከውጭ የገባ ጣዕም የሌለው ቡና ፍለጋ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት እዞራለሁ። ሽታው ደግሞ አይነሳ። ሶዳው ሲገባበት ቤቱ ሁሉ ይሸታል፤ እናቴ ቡና ላይ ግፍ እንደሠራሁ ነው የምትቆጥረው።

ወደ ጨለማው እንምጣ። ሲኒማ ላይ እንደምታዩት ቀይ መብራት እያበራሁ የምሠራ የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ። ቀዩ ፎቶው ለሚታተምበት ወረቀት ነው። አሁን የሚመረተው አብዛኛው ፊልም ግን ቀዩንም ያያል፤ ስለዚህ ድፍን ጨለማ ያስፈልጋል። መብራት በሄደ ቁጥር ሰፈሩ «ለአንተማ ተመቸህ!» ይለኛል። አልተመቸኝም! መብራት ሲሄድ ሰው ደግ ይሆናል። አንድ ማታ ፊልሙ ሳህኑ ውስጥ እየታጠበ፣ እኔ በልቤ ደቂቃ እየቆጠርኩ፣ እናቴ የስልኳን ባትሪ አብርታ በሩን በረገደችው። «ውይ ልጄ፣ በጨለማ ተቀምጠሃል?» አለች። ከዚያ ወዲህ ከውስጥ መቀርቀሪያ አስገብቻለሁ። አምፖሉንም ፈትቼ ነው የምሠራው፤ መብራት በሄደበት ማብሪያ ማጥፊያው በርቶ ይሁን ጠፍቶ ማን ያውቃል? ድንገት ሲመጣ ቦግ ይላል።

ውሃውን ብዙ አላወራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፈረቃው ሲደርስ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ እኔ ቤት ስሆን ቧንቧው ፉጨት ብቻ ነው። ደግነቱ ኢልፎርድ ፊልሙን በመጨረሻ ለማለቅለቅ ውሃ የሚቆጥብ ዘዴ አለው። ፊልሙ ያለበትን ክዳናም ዕቃ፣ ታንኩን፣ ውሃ ሞልተህ 5 ጊዜ ትገለብጠዋለህ፣ ትደፋለህ። እንደገና ሞልተህ 10 ጊዜ፣ ከዚያ 20 ጊዜ። በአንድ ጄሪካን ትጨርሳለህ። የአዲስ አበባ አየርም ይመሰገናል፤ ማጠቢያው የሚፈልገው 20 ዲግሪ እዚህ ብዙ አያስቸግርም።

ይህን ሁሉ አልፌ፣ ፊልም ተርፎኝ፣ ጎዳና ስወጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የማነሳው አሮጌ ቤቶችን ነው፤ በረንዳቸው የእንጨት፣ ጣሪያቸው የዛገ። በዚህ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሦስት እግር ዕቃ ተሸክሞ አሮጌ ቤት ፊት የሚቆም ሰው ምን መሰላችሁ? ቀያሽ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ትሪፖድ ያየ ሁሉ ልቡ ይደነግጣል። ገና ጨርቁን ስከናነብ በር ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል። አንዲት እናት ነጠላቸውን እያጣፉ መጥተው «ልጄ፣ የእኛስ መቼ ነው?» አሉኝ። «እማማ፣ ፎቶ ብቻ ነው የማነሳው» አልኳቸው። «አዎ፣ መጀመሪያ ፎቶ ያነሳሉ» አሉ። ምን ይመለሳል? ካሜራውን አጥፌ ሄድኩ።

ጥበቃውም አለ። «ፈቃድ አለህ?» አጠገቤ አንዱ ስልኩን ዘርግቶ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ቪዲዮ ይቀርጻል። «እሱስ?» ስል «እሱማ ስልክ ነው» ይለኛል። እኔ እኮ አንድ ፎቶ ለማንሳት ሩብ ሰዓት የምፈጅ ሰው ነኝ! ሰላይ ብሆን በዚህ ዕቃ እሰልላለሁ?

እንግዲህ ትንሽ ቀለለኝ። ሶዲየም ሰልፋይት በኪሎ የሚሸጥ ሱቅ የሚያውቅ ኢንቦክስ ያድርግልኝ፤ ሰልፋይት እንጂ ሰልፌት አላልኩም። ወደ ዲጂታል የገባ ክሊኒክ ውስጥ የቀረ የኤክስሬይ ፊልም ያለውም ይንገረኝ፣ እሱም ይሠራልኛል፤ በቀይ መብራት ይታጠባል። «በስልክህ አንሳው» ልትሉኝ የመጣችሁ ግን በሰላም እለፉ።