ሳይፈረድ የሚያስከፍል ክስ

አሜሪካ ስመጣ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) የፈጠራ ሰው ጋሻ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ስታርታፕ (ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያ) የሚሠሩ ልጆች ጋር ስውል ግን ቃሉ ሲነሳ ፊታቸው ይለዋወጣል። የሚፈሩት ደብዳቤ ነው። "ፓተንታችንን ነክታችኋል፤ ወይ ክፈሉ ወይ ፍርድ ቤት እንገናኝ" የሚል። ላኪው ብዙ ጊዜ የሚያመርተው ነገር የለውም። ፓተንት ገዝቶ መክሰስ ነው ሥራው። "ፓተንት ትሮል" ይሏቸዋል።

በፈረንጆቹ 2011 ሎድሲስ የሚባል ኩባንያ ለትንንሽ የመተግበሪያ ሠሪዎች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ላከ። ጥፋታቸው? መተግበሪያው ውስጥ "ሙሉውን ግዛ" የሚል ቁልፍ ማስገባታቸው!

ተከሳሹ እውነት ቢኖረውም አያተርፍም። እዚህ በአብዛኛው ቢረታም የጠበቃውን ሂሳብ ራሱ ነው የሚችለው። ክሱ እስከ መጨረሻ ከሄደ ደግሞ ሚሊዮን ዶላሮች ይበላል። ስለዚህ ከፍሎ ይገላገላል። ኢንጂነር ይቀጠርበታል የተባለው የኢንቨስተር ገንዘብ እዚያው ይቀራል። ቀጣዩ ኢንቨስተርም ገና ሰነድ ሲያገላብጥ "ክስ አለባችሁ?" ይላል። አለ ከተባለ "እስቲ እሱ ይለቅና እንነጋገራለን" ብሎ ውልቅ። ለስታርታፕ ስድስት ወር መጠበቅ ማለት ደመወዝ ማጣት ነው።

ከሳሾቹ ፍርድ ቤትም ያማርጡ ነበር። ማርሻል የምትባል ትንሽ የቴክሳስ ከተማ የፓተንት ክስ መናኸሪያ ሆና ነበር። ሳምሰንግ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ስፖንሰር አድርጎላታል። (ፍርዱን የሚሰጡት ተራ ዜጎች፣ ጁሪው ማለት ነው፣ ከዚያው አካባቢ ነው የሚመረጡት፤ ነገሩ ይገባችኋል።) በ2017 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምርጫውን አጠበበባቸው።

አገር ቤት ነገሩ ተገልብጦ ነው የማገኘው። የ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 123 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ፓተንት አይሰጥም፤ ጥበቃው በቅጂ መብት ነው። የልጆቹ ጭንቀትም ሌላ ነው፦ "ሐሳቤን ለኢንቨስተር ካሳየሁት ወስዶ ራሱ ቢሠራውስ?" ስለዚህ ይደብቁታል። ያላየው ነገር ላይ ደግሞ ማን ብር ያወጣል?

እዚህ ያሉ አንዳንድ ወገኖቼ "እኛም እንደ አሜሪካ ለሶፍትዌር ፓተንት እንስጥ" ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም። በፈረንጆቹ 2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ "አሊስ" በሚባለው ክስ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ አሜሪካ ራሷ ኮምፒውተር ላይ የተጫነን ተራ ሐሳብ በፓተንት ማስያዝ አክብዳለች። ብቀዳ የምቀዳው በፈረንጆቹ 2011 የወጣውን የአሜሪካ የፓተንት ሕግ ነው። የተከሰሰ ሰው ፓተንቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዶ "ይሄ ድሮም መሰጠት አልነበረበትም" ብሎ ይሞግታል። እሱም ገንዘብ ያስወጣል፤ ከችሎቱ ግን በብዙ ይረክሳል።