ከራስ በላይ ነፋስ

የጎንደር ሞተረኛ ሳይመሰገን መቅረት የለበትም። ሌላው ሰው «ከራስ በላይ ነፋስ» እያለ ይተርታል እንጂ ሲኖረው አላየንም። የእኛ ሰው ግን ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ ከራሱ በላይ ከነፋስ በቀር ምንም ሳያስጠጋ ይከንፋል። ፀጉሩ ይበተናል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ጃኬቱ እንደ ፊኛ ይነፋል። ሄልሜትስ የለውም ወይ? አለው እንጂ! ክንዱ ላይ ናት።

ይቺን የክንድ ሄልሜት የዋዛ እንዳታደርጓት። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ብቅ ሲል ከክርን ወደ ራስ የምትወጣበትን ፍጥነት ያየ ያውቃል። ማሰሪያዋ አይታሰርም። ለምን ይታሰራል? ፖሊሱን እስክናልፍ ነው። ደግሞ የሞተረኛውን መተሳሰብ ተመልከቱ። ቁልቁለቱ ላይ ጠጠር ፈሶ ቢሆን ማንም ለማንም ምልክት አይሰጥም። ፖሊስ ከቆመ ግን ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ወንድሙን ያስጠነቅቃል። ከአስፋልት ይልቅ ደረሰኝ የሚፈራ ሕዝብ እንዴት ደስ ይላል።

በሰላሙ ቀን ሄልሜቷ ሥራ አትፈታም። ቅዳሜ ገበያ አንዱን አየሁት፤ እንቁላል ገዝቶ ሄልሜቱ ውስጥ ደረደረ። ጋዜጣ አነጠፈላቸው፣ በፌስታል ሸፈናቸው፣ በማሰሪያው ወጥሮ መስተዋቱ ላይ ሰቀላቸው። ከዚያ በባዶ ራሱ ቀስ ብሎ ነዳ። ታዲያ ሄልሜት ለምን እንደተሠራች አያውቅም የሚለው ማነው? ውስጧ ያለው ፎም ምት ሲያርፍበት እየተጨፈለቀ ኃይሉን ይቀበላል፤ የሚሰበር ነገር እንዳይሰበር ነው። ሰውየው በቤቱ የሚሰበረው እንቁላል ብቻ ነው።

ተመራማሪዎች ብዙ ጥናት አንድ ላይ ገምግመው ሄልሜት በግጭት የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደምትቀንስ አስልተዋል። ይህን ለአንድ ወዳጄ ብነግረው «የቀረውስ?» አለኝ። መቶ ካልሞላ አይገዛም። ዕቃ ሲገዛም እንዲሁ ነው፣ ይከራከራል።

ከኋላ የተቀመጠችውን ሚስትማ ተዉት። ሄልሜት ያለችው አንድ ናት፤ ፖሊስ ደግሞ የሚያየው ከፊት ነው። እሷ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ሕፃኑን መሐል አስገብታ፣ እመቤቴን እየጠራች ትሄዳለች።

ግን ሰውየው ሞኝ እንዳይመስላችሁ። ሕግ ያውቃል። ተሽከርካሪ በሌላ ሰውና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለው የሦስተኛ ወገን መድን፣ አዋጁ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት እስከ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100 ሺህ ብር ብሎ ጣራ አበጀ። እንግዲህ ፍረዱ። ሰውየው ሞተሩን ከገዛ ጀምሮ የታንከሩን ላስቲክ አልላጠም። ወንበሩን ቆዳ አልብሶታል፤ ማታ ማታ ሳሎን ያስገባዋል። ጭንቅላቱን ውጭ ቢያሳድር ምን ይገርማል? የትኛው እንደሚከብር ከነጋሪት ጋዜጣ ነው የተማረው። ብቻውን ኮብል ላይ ተንሸራቶ ቢወድቅ ግን ለራሱ ሞተር ሦስተኛ ወገን እንዳልሆነ፣ ያ መድን ለእሱ እንደማይከፍል የሚያውቀው አልጋ ላይ ሆኖ ነው።

ከባጃጅ ጋር ሲጋጭ ደግሞ ጨዋነቱ ይወጣል። ብድግ ይላል፣ ሱሪውን ያራግፋል፣ «ምንም አልሆንኩም» ይላል። ሽማግሌ ከየት መጣ ሳይባል ይሰየማል። ትራፊክ ደርሶ የአደጋውን ቦታ ንድፍ (ፕላን) ሳያነሳ ሞተሩም ባጃጁም ከመንገድ ይነሳሉ። ለመታከሚያ ጥቂት ብር ይሰጠዋል። ከደብተር በተቀደደች ወረቀት «ከእንግዲህ ወዲያ አልጠይቅም» ብሎ ይፈርማል። ማታ ራሱን ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል። ጠዋት ሲቲ ስካን ይታዘዝለታል። በሦስተኛው ቀን ጠበቃ ይፈለጋል።

ካሳ ይጠይቃል፤ መብቱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ባያጠፋም ኃላፊ ነህ ይላል። እስከዚህ ድረስ ሞተረኛው ሕጉን ይወደዋል። ቁጥር 2084 ግን ሁለት ተሽከርካሪ ሲጋጭ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ገምቶ ኪሳራውን ለሁለት ይከፍላል። ቁጥር 2098 ደግሞ ተጎጂው ለጉዳቱ የራሱ ድርሻ ካለው ካሳው ይቀነሳል ይላል። የባጃጁ ጠበቃ የሚወዳት ይቺን ነው።

«ሄልሜት ነበረህ?»

«ነበረኝ።»

«የት?»

እዚህ ላይ ዝም ይላል። ፕላን የለም፣ ምስክሮቹ ያስታረቁት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ያቺ ወረቀትም ከፋይሉ ተያይዛለች። እሱ ግን ወገቡን አይፈታም። የንብረት ጉዳት ዝርዝር ያቀርባል፦ የተሰበረ መስተዋት አንድ፣ የተጣመመ መሪ አንድ፣ የተቀደደ የወንበር ቆዳ አንድ። ሄልሜቷን አላስመዘገባትም። ጭረት የላትም።