ግብር ያልተቆረጠበት ልምድ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ባሕር ዳር ቀጣሪዎችና ተመራቂዎች የተገናኙበት አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንድ የሰው ኃይል ኃላፊ ማይክ ያዙና የዛሬ ተመራቂ ወረቀት እንጂ ክህሎት የለውም አሉ። ድርጅታቸው ማሠልጠኛ እንዳልሆነም ተናገሩ። ልምድ የሌለው ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ከሚያማርር የሆነ ቦታ በነፃ ያገልግልና ልምድ ይዞ ይምጣ ብለው ጨረሱ። ተጨበጨበላቸው። ከኋላ ወንበር ላይ ቴምፖ የሚሉትን ጊዜያዊ የዲግሪ ወረቀትና ሲቪያቸውን በፕላስቲክ ፋይል የያዙ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ከንግግሩ ይልቅ ያናደደኝ ጭብጨባው ነው።

በማግስቱ ጊዮርጊስ አካባቢ የዚያኑ ድርጅት የቅጥር ማስታወቂያ ተለጥፎ አነበብኩ። የሚፈለገው ጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ለጀማሪ 2 ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ከታች ደግሞ ሥራ ፈላጊ ሁሉ በቃሉ የሚያውቃት መስመር አለች። ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር ስለመከፈሉ ማስረጃ ካልቀረበበት አይያዝም። ከምረቃ በፊት የተሠራም አይቆጠርም።

እስቲ ይኼን ከስብሰባው ምክር ጋር አስተያዩት። በነፃ አገልግሉ ተባለ። በነፃ የሚያገለግል ሰው ደመወዝ የለውም። ደመወዝ ከሌለው ግብር አይቆረጥበትም። ግብር ካልተቆረጠ ማስረጃ የለም። ማስረጃ ከሌለ ደግሞ ልምዱ አይያዝም። ታዲያ ልጁ ዓመት ሙሉ በነፃ ሠርቶ ምን ይዞ ይምጣ ነው የሚሉት? በትንሽ ክፍያ ቢሠራም ያው ነው። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር የወር ደመወዝ ላይ ግብር አያስከፍልም። ሱቅ ውስጥ በ1,800 ብር ሂሳብ የሚይዝ ልጅ የግብር ወረቀት ከየት ያመጣል? ይኼ ምክር አይባልም። በር ቆልፎ ግቡ ማለት ነው።

ክህሎት የላቸውም ለሚለው ደግሞ አንዲት ልጅ ላሳያችሁ።

የጎረቤቴ ልጅ ናት። በአካውንቲንግ ከተመረቀች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። አክስቷ ሐይቁ ዳር ዓሣ ይነግዳሉ። ከአሥጋሪዎች ቆሮሶና አምባዛ ይረከባሉ፤ ለሆቴሎች ፊሌቶ ያቀርባሉ። ልጅቷ ሥራ እስክታገኝ ልታግዛቸው ገባች። አክስቷ ሂሳቡን የሚይዙት በጭንቅላታቸው ነበር። ገበያው ደርቷል፤ ገንዘቡ ግን አይበረክትም። እሷ ባለመስመር ደብተር ይዛ ሚዛኑ አጠገብ ተቀመጠች። ሁለት ሳምንት ሙሉ የገባውን ዓሣ፣ የወጣውን ፊሌቶ፣ የበረዶውን ዋጋ፣ ዓሣ ለሚበልተው ልጅ የሚከፈለውን መዘገበች። ሦስት ኪሎ ቆሮሶ ሲበለት የሚወጣው ፊሌቶ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ራሱ፣ አጥንቱ፣ ቆዳው ይሄዳል። አክስቷ ግን አንዱን ኪሎ ፊሌቶ የሚሸጡት በሁለት ኪሎ ሙሉ ዓሣ ዋጋ ነበር። ሆቴሎቹን ሲያበሉ የኖሩት በእያንዳንዱ ኪሎ እየከሰሩ ነው።

ዋጋው ተስተካከለ። ቀጥላ የዱቤውን ገጽ ከፈተች። የትኛው ሆቴል በሳምንቱ እንደሚከፍል፣ የትኛው 40 ቀን እንደሚያቆይ ለየችው። 40 ቀን ለሚያቆየው ዱቤ ቆመ። በጾም ወራት ዓሣ ሲወደድ ምን ያህል መረከብ እንደሚያዋጣ ሳይቀር አሁን ከዚያ ደብተር ታወጣለች። ክፍል ውስጥ የምርት ወጪ፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ እየተባለ የሚያስተምሩት ይኼንኑ ነው።

ይህች ልጅ ኢንተርቪው ስትገባ ልምድ አለሽ ወይ ትባላለች። የለኝም ትላለች። ለምን እንዲያ ትያለሽ አልኳት። «የአክስቴ ሱቅም ይቆጠራል እንዴ?» አለችኝ። ያንገበገበኝ ይኼ ነው። ቀጣሪዎቹ አንቆጥርም ሲሏት ቆይተው በመጨረሻ እሷም የራሷን ሥራ መቁጠር ተወች።

አዎ፣ የማመልከቻ ደብዳቤ አስተካክሎ መጻፍ የሚቸግረው ተመራቂ አለ። እሱ በሁለት ሳምንት የሚታረም ነገር ነው። ማሠልጠኛ አይደለንም የሚለውን ግን ፈጽሞ አልቀበልም። ሥራውን ማንም ሳያሳየው የገባ ሠራተኛ የት አለ? ኃላፊው ራሳቸውም የመጀመሪያ ቀን ደብዳቤ የት እንደሚፋይል ያሳያቸው ሰው ነበር።

ሕጉም ቢሆን ቀጣሪዎች ያስፈራናል የሚሉትን፣ የማይሆን ሠራተኛ መቅጠርን፣ አስቀድሞ አስቦበታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአሠሪው 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይሰጠዋል። ሠራተኛው ለሥራው ካልተስማማ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያ፣ ያለ ካሳ ያሰናብተዋል። በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ አሥር ሳምንት ነው። በአሥር ሳምንት አንድን የሂሳብ ሠራተኛ መለየት ያልቻለ ኃላፊ ችግሩ ያለው እሱ ጋ ነው። ያን ያህል መጠበቅ ከከበደ ደግሞ የአንድ ወር ደረሰኝ ስጡትና መዝግብ በሉት። ግማሽ ቀን ይበቃል።

ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ልጅ ዲግሪውን አይወስድም። ያኔ ቀጣሪ በዲግሪው እንዲተማመን ነው ተብሎ ነበር። ልጆቹ ተፈትነው አለፉ፤ አሁን ደግሞ ዲግሪ ምን ያደርጋል ይባላሉ። ኦንላይን ተማሩ የሚሉም አሉ። እዚህ ከተማ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ዳታ ተቋርጦ እንደነበር ረስተውታል? የዋይፋይ ቤት ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር የተንከራተተን ልጅ ሰነፍ ለማለት ደፋር መሆን ያስፈልጋል።

ልጆች፣ ለእናንተም የምላችሁ አለኝ። የሠራችሁትን ጻፉት። የቤተሰብ ሱቅ ይቆጠራል። የእድር ሂሳብ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥነት፣ ተማሪ ማስጠናት ይቆጠራል። ሲቪ ላይ ታታሪ ነኝ አትበሉ። ስትገቡ ምን እንደነበረ፣ ምን እንደለወጣችሁ በቁጥር አስቀምጡ። ሥራውን ያየ ሰው ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ለምኑ። ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ኮርስ የወሰዳችሁ ከሰርተፊኬቱ ጋር የአንድ እውነተኛ ሱቅ የሦስት ወር ሂሳብ አስገብታችሁ ሪፖርቱን ፕሪንት አድርጉ። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ማንም የለም ሊለው አይችልም።

የጎረቤቴን ልጅ ይኼንኑ ብዬ አሳምኛታለሁ። ያ ማስታወቂያ እስከ ዓርብ ይቆያል። ማክሰኞ አብረን ሄደን ማመልከቻዋን አስገባን። የግብር ማስረጃ የለንም። የደብተሩን ኮፒ ግን አያይዘናል። ክቡር ኃላፊ፣ እባክዎ 14ኛውን ገጽ ይመልከቱልኝ። የቆሮሶው ስሌት እዚያ ላይ ነው።