ላንጋኖ ከመግባታችሁ በፊት መተንፈስ ተማሩ

ሐይቅ ሰው በወሰደ ቁጥር ለቅሶ ቤት አንድ ነገር ይሰማል። «ዋና ይችል ነበር እኮ!» ይላሉ ጓደኞቹ። አልዋሹም። ሆቴል ገንዳ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ አይተውታል። ከዚያ ወሬው ወደ ሐይቁ ይዞራል። «ያ ሐይቅ መቼም ሰው ሳይበላ ዓመቱን አይጨርስም» ይባላል። ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

በዚያው መዘጋቱ ያንገበግበኛል። ውሃ ውስጥ ሰው የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ነው። ጠጥቶ የሚገባ አለ። ጀልባ የሚገለበጥበት አለ። ዋና ጭራሽ ሳያውቅ የሚገባም አለ። ዛሬ የማወራው ግን «ይችል ነበር» ስለተባለው ልጅ ነው። እንደኔ እምነት ብዙውን ጊዜ እሱን የሚጎዳው የተማረበት ቅደም ተከተል ነው። ገንዳዎቻችን ውስጥ መጀመሪያ እጅና እግር እናስተምራለን። ትንፋሽ «ቀስ እያለ ይመጣል» ተብሎ ወደ ኋላ ይተዋል። መቅደም የነበረበት ግን ትንፋሽ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ገንዳ ዳር ቁጭ ብላችሁ ነፃ ቀዘፋ፣ ማለትም ፍሪስታይል የሚዋኙትን ተመልከቱ። አንዱ ጎረምሳ ጉንጩን ነፍቶ ይነሳል። እጁን ያወናጭፋል፣ እግሩ ውሃውን ያርሰዋል። መሀል ላይ አንዴ ወይ ሁለቴ ቀና ብሎ አየር ይጎርሳል። ሳይጨርስ ግድግዳው ይደርስለታል። ጠርዙን ይዞ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ከዚያ ይመለሳል። ላየው ሰው ዋናተኛ ነው። እውነቱን ስናየው ግን ትንፋሹን አፍኖ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የሚሮጥ ልጅ ነው። አብዛኛው የሆቴል ገንዳ 25 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አየሩ ከማለቁ በፊት የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ሐይቅ ላይ ያ ግድግዳ የለም። የሚቆምበት ወለልም ላይኖር ይችላል። የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ እነ ሆራና ባቦጋያ፣ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው። ከዳር ትንሽ ራቅ እንዳላችሁ እግራችሁ መሬት ያጣል።

ውሃ ውስጥ አየር ሲያፍነን «ኦክስጅን አለቀብኝ» ብለን እናስባለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያስጨንቀን ያላስወጣነው የተቃጠለ አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው። አንጎላችን «ተንፍስ!» ብሎ የሚጮኸው በዋነኛነት እሱ ደማችን ውስጥ ሲጠራቀም ነው። ትንፋሹን አፍኖ የሚዋኝ ሰው ሳንባው አየር እንደሞላ ይታፈናል። ቀና ሲል መጀመሪያ ማስወጣት፣ ከዚያ ማስገባት አለበት። ለሁለቱ የሚበቃ ጊዜ ግን የለውም። ግማሹን አስወጥቶ ግማሹን ያስገባል። በሚቀጥለው ቀዘፋ ይብስበታል። ከዚያ ይደነግጣል። ሲደነግጥ ጭንቅላቱን ያነሳል። ጭንቅላት ሲነሳ እግር ይሰምጣል። እግር ሲሰምጥ እጅ ወደፊት መሳቡን ትቶ ውሃውን ቁልቁል መደቆስ ይጀምራል። ጉልበት የሚያልቀው ያኔ ነው። ከላይ ለሚያይ ሰው «ደከመው» ይመስላል። ነገሩ የጀመረው ግን ካልወጣ ትንፋሽ ነው።

በሩጫ ስማችን የታወቀ ሕዝብ ነን። «ከፍታ ላይ ነው ያደግነው፣ ሳንባችን ጠንካራ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሯጭ ግን ባሻው ሰዓት ይተነፍሳል። ዋናተኛ የሚተነፍሰው ክንዱ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአንድ ትንፋሽ የሚገባን ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ሩብ ያህል ያንሳል። ላንጋኖም ቢሆን 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ አንድም ትንፋሽ ማባከን አያዋጣም። ጠዋት ጠዋት እንጦጦን ሮጦ የሚወጣ ጎበዝ፣ ገንዳ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ሲያለከልክ የሚገርማችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ቁሙ። ጠርዙን ያዙ። ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ከትታችሁ በአፍንጫችሁ «እምምም» በሉ። አረፋው ሳይቋረጥ ይውጣ። መጨረሻ ላይ የቀረውን በአፋችሁ እፍ በሉት። ፊታችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ አየር ውሰዱና ተመለሱ። ይህን ሰውነታችሁ ሳይጨነቅ እስኪለምደው ድረስ ደጋግሙት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ትልልቅ ሰዎች ያፍራሉ። «እንደ ሕፃን አረፋ ላስወጣ እንዴ?» ይላሉ። ግን ፊቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ዘና ብሎ ማስወጣት የለመደ ሰው ትከሻው ሲላላ በዓይን ይታያል። አንገቱ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ እጅና እግር ማስተማር ይቀላል።

ቀጥሎ የጭንቅላት አቀማመጥ አለ። ዓይናችሁ የሚያየው ታች መሆን አለበት፤ ወደፊት አይደለም። ሰውነታችን ውሃ ላይ እንደ ሚዛን ነው። ደረታችን አየር ስላለው ይንሳፈፋል፣ እግራችን ይከብዳል። ጭንቅላት ዝቅ ሲል ዳሌ ከፍ ይላል። ስትተነፍሱም ጭንቅላታችሁን አታንሱ፤ ከትከሻችሁ ጋር አብራችሁ ወደ ጎን አዙሩት። የመነጽራችሁ አንዱ መስታወት ውሃ ውስጥ ይቅር። ወደፊት ስትሄዱ ጭንቅላታችሁ ውሃውን ስለሚገፋው ጉንጫችሁ አጠገብ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይፈጠራል። አፋችሁ እዚያ ውስጥ አየር ያገኛል። መጀመሪያ ላይ ማንም አያምነኝም። «ውሃ እኮ ነው የምጠጣው» ይላሉ። ትንሽ ይጠጣሉ፣ እውነት ነው። ከዚያ አፋቸው ቦታውን ያገኘዋል።

በግራም በቀኝም መተንፈስን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። ገንዳ ውስጥ በቀኝ ብቻ ብትተነፍሱ ምንም አትሆኑም። ሐይቅ ላይ ግን ማዕበሉ በቀኝ ከመጣ ምን ልታደርጉ ነው? በየቀዘፋው አየር ሳይሆን ውሃ ልትጎርሱ ነው። ፀሐዩ በዚያ በኩል ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁ ይታወራል፤ ዳሩ የት እንዳለ አታዩም። ሦስት ሦስት ቀዘፋ እየቆጠሩ ጎን መቀያየር ለልምምድ ጥሩ ነው። ሐይቅ ላይ ስትሆኑ ግን ሦስትን የግድ አታድርጉት። በሁለት በሁለት ተንፍሱ፣ አየር አይጉደልባችሁ። ዋናው ማዕበሉ ሲዞር እናንተም መዞር መቻላችሁ ነው።

አቅጣጫ ሌላ ጣጣ ነው። ብዙ የመወዳደሪያ ገንዳዎች ወለላቸው ላይ ጥቁር መስመር አላቸው። ላንጋኖን የሚያውቅ ሰው ውሃው ሻይ በወተት የመሰለ ቡናማ መሆኑን ያውቃል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን አታዩትም። አንዱ እጃችሁ ከሌላው ትንሽ ከበረታ ሳታውቁት ወደ አንድ ጎን ትሄዳላችሁ። ቀና ስትሉ ዳር ነው ያላችሁት ቦታ መሀል ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ዳር ላይ ትልቅ ምልክት ምረጡ። የሎጅ ጣሪያ፣ ለብቻው የቆመ ግራር፣ ከበስተጀርባ ያለ ኮረብታ፣ ማንኛውም ከሩቅ የሚታይ ነገር ይሆናል። በየስምንት ቀዘፋው ገደማ፣ የፊተኛው እጃችሁ ውሃውን መጫን ሲጀምር፣ ዓይናችሁን ብቻ ከውሃው በላይ ብቅ አድርጉ። አይታችሁ ወዲያው ፊታችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ ተንፍሱ። ወደፊት እያያችሁ ለመተንፈስ አትሞክሩ። ያን ጊዜ ነው እግር የሚሰምጠው። ማዕበል ከከለላችሁ ጭንቅላታችሁን ሰቅላችሁ አትጠብቁ፤ ትንሽ ቀዝፋችሁ እንደገና እዩ። ከ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ ጀምሮ 10 ኪሎ ሜትር ክፍት ውሃ ላይ የሚወዳደሩት ዋናተኞችም መንገዳቸውን የሚጠብቁት እንዲሁ ቀና እያሉ ነው።

ስለ እጅ ብዙ አልልም። ገንዳ ውስጥ እጅን ውሃው ላይ ዝቅ አድርጎ መመለስ ያምራል፤ ማዕበል ላይ ግን ውሃው ይመታዋልና ከፍ አድርጉት። ስታስገቡት በትከሻችሁ ትይዩ ይግባ፣ መሀል ለመሀል አይሻገር። እግራችሁን በትንሹ ምቱ። የእግር ጡንቻ ትልቅ ስለሆነ ኦክስጅን ይጨርስባችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር። ገንዳ ውስጥ ወጣቶች «ውሃ ውስጥ ማን ብዙ ይቆያል?» ብለው ሲወራረዱ አያለሁ። ከመግባታቸው በፊት ደጋግመው በፍጥነት ይተነፍሳሉ። አየር ያከማቹ ይመስላቸዋል። ያደረጉት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማራገፍ ነው። «ተንፍስ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ይዘገያል። ኦክስጅኑ ግን ማለቁን አይተውም። ሰውየው ሳይጨነቅ፣ ሳይታገል፣ ድንገት ራሱን ይስታል። ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ያው ነው። ይህን ጨዋታ ያየ አሰልጣኝ ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም።

ውጭ የምትኖሩ ወገኖቻችንም ውሃችሁ የራሱ ጠባይ አለው። ስዊድንና ብሪታንያ ያላችሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲነካችሁ ሳታስቡት ሲቅ ብላችሁ አየር ትስባላችሁ። በዚያች ቅጽበት አፍ ከውሃ በታች ከሆነ አደጋ ነው። ቀስ ብላችሁ ግቡ። የብሪታንያ የባሕር ነፍስ አድን ድርጅት አርኤንኤልአይ ለሕዝብ የሚያስተምረውም ድንገት ውሃ ውስጥ ብትወድቁ መጀመሪያ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ ትንፋሻችሁ ሲረጋጋ ዋኙ ብሎ ነው። ድንጋጤው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ገልፍ አገሮች ያላችሁ ደግሞ ችግራችሁ ሙቀት ነው። በጥቅምት 2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፉጃይራ ላይ በተደረገ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር አሜሪካዊው ፍራን ክሪፐን በ26 ዓመቱ ሕይወቱ አልፏል። ታዋቂ የብሔራዊ ቡድን ዋናተኛ ነበር። ውሃው በጣም ሞቃት ነበር። ዛሬ ዓለም አቀፉ ሕግ ከ31 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ ውድድር አይፈቅድም። ውሃ ውስጥ ላብ አይታይምና ሙቀቱ ሳይታወቃችሁ ያደክማችኋል።

ወደ አገር ቤት ስመለስ፣ የት እንደምትገቡም ለዩ። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ተብሎ የታወቀ ነው፤ ለዚህም ነው ሰው የሚያዘወትረው። ጣናና ሐዋሳ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ። ጫሞ የአዞ አገር ነው። ጠዋት ግቡ፤ ከሰዓት በኋላ ስምጥ ሸለቆ ላይ ነፋሱ ይነሳል። ከዳር ጋር ትይዩ ሆናችሁ ዋኙ፣ ወደ መሀል አትምዘግዘጉ። ደማቅ ቀለም ያለው ኮፍያ አድርጉ። ብቻችሁን በፍጹም አትግቡ። የመጀመሪያውን መቶ ሜትር ከምትችሉት በጣም ቀንሳችሁ ጀምሩ። ትንፋሽ ካጠራችሁ በጀርባችሁ ተገልበጡ። ጆሯችሁ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ሆዳችሁን ወደ ላይ ግፉ፣ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ይህን ገንዳ ውስጥ ያልተለማመደ ሰው ድንጋጤ ላይ አያስታውሰውም።

ለዚህ ነው አሰልጣኞችን የምለምነው። ወላጅ «መቼ ነው ልጄ የሚችለው?» እያለ እንደሚያጣድፋችሁ አውቃለሁ። ክፍያው በወር ነው፣ ውጤት ቶሎ መታየት አለበት። ግን ጠርዝ ሳይነካ 200 ሜትር ቀስ ብሎ መዋኘት ያልቻለን፣ በጀርባው ተንሳፍፎ መቆየት ያልቻለን ልጅ «ይችላል» ብላችሁ አትልቀቁት። ሐይቅ ዳር ያላችሁ ሎጆችም በገመድና በተንሳፋፊ ኳስ የዋና ቦታ ብትከልሉ፣ ሥልጠና ያለው ሰው ዳር ላይ ብታቆሙ፣ ከምታስከፍሉት የክፍል ዋጋ አንጻር ወጪው ከባድ አይደለም።

ወላጆች ደግሞ ቅዳሜ ልጃችሁን ከገንዳ ስትወስዱ «ስንት ጊዜ ተመላለሰ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። በጀርባው ስንት ደቂቃ እንደቆየ ጠይቁ። በግራም ይተነፍስ እንደሆን ጠይቁ። አሰልጣኙ መልስ ከሌለው፣ ዳር ቆማችሁ ራሳችሁ እዩት፦ ፊቱ ውሃ ውስጥ ሲሆን አረፋ ይወጣል ወይስ አይወጣም?