የደረሱልንን በኪኒን አንሸኛቸው

ወገኖቼ፣ አሜሪካ የምትኖሩ፣ እዚሁ ዜግነት ወስዳችሁ ግብር የምትከፍሉና ድምፅ የምትሰጡ፣ ዛሬ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። ቤታችሁ ጭስ ጭስ ሲል 911 ትደውላላችሁ። እናታችሁ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስትወድቅ 911 ትደውላላችሁ። የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይደርሱላችኋል። «እግዜር ይስጥልን» ትላላችሁ፣ ቡና ካልጠጣችሁ ብላችሁ የምትለምኑም አላችሁ። ደግ አደረጋችሁ። ግን ያ ሰው ከእናንተ ቤት ወጥቶ ምን እንደሚሆን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

አንዱን ልንገራችሁ። ትንፋሹ የቆመ ጨቅላ ደረት በሁለት ጣቱ ሲጫን ይቆያል። ሳይሆንለት ይቀራል። እናትየው ፊት ቆሞ ይነግራታል። ከዚያ አምቡላንሱን ይወለውላል፣ ፎርም ይሞላል፣ ጓንት ይቀይራል። ወዲያው ሬዲዮው ሌላ አድራሻ ይጠራል። ሺፍቱ 24 ሰዓት ነው፣ ሰው ከጎደለ ኦቨርታይም ይጨመርበታል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ሐኪም ጋ ይሄዳል። ቀጠሮው አጭር ነው፣ ማዘዣ ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያው ኪኒን ያቁነጠንጠዋል፣ ጭራሽ እንቅልፍ ይነሳዋል። ለዚያ ሁለተኛ ይታዘዛል። ሁለተኛው ጠዋት ያደነዝዘዋል፣ እሱም በኢነርጂ ድሪንክ ይነቃል። ልቡ ድው ድው ሲል ለጭንቀቱ ሦስተኛ ይታከላል። ስለ ጨቅላው ግን እስካሁን ማንም አንድ ቃል አልጠየቀውም።

ቤታችን ዕጣን ስናጨስ አላርሙ ሲጮህ ባትሪውን አውጥተን እንገላገላለን አይደል? የምናደርገው እሱን ነው። ልዩነቱ እዚህ እሳቱ እውነተኛ ነው።

መድኃኒት አትውሰዱ እያልኩ አይደለም። መድኃኒት ሕይወቱን ያተረፈለት ሰው ብዙ ነው። እየወሰዳችሁ ያላችሁም ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ በተለይ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚታዘዙትን የቤንዞዳያዘፒን ዘሮች፣ እነ ዛናክስንና አቲቫንን። በድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ፣ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል። የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ሱስና ይህን አደጋ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በጥቁር ሳጥን እንዲጻፍ ያዘዘው በ2020 ነው። መቀነስ የፈለገ ከሐኪሙ ጋር ቀስ እያለ ይቀንስ።

እኔን የሚያናድደኝ ቅደም ተከተሉ ነው። የጦር ኃይሉና የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2023 አብረው ያወጡት የሕክምና መመሪያ ለፒቲኤስዲ፣ ማለትም አስደንጋጭ ነገር ካለፈ በኋላ ለሚቀረው የአእምሮ ሕመም፣ በደረሰው ነገር ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና ከመድኃኒት ይቅደም ይላል። ከመድኃኒት ሦስት ስም ይጠራል፣ ሰርትራሊን፣ ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን። ቤንዞዳያዘፒንን ግን ለዚህ በሽታ አትስጡ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ከአደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያው ወር እንዳይሰጥ መክሯል። ምክንያቱም አሳማኝ ነው። ሰውየው እንዲድን ያየውን ነገር ደግሞ ደጋግሞ አንስቶ፣ አልፏል፣ አሁን የለም ብሎ አእምሮው መማር አለበት። የደነዘዘ አእምሮ ይህን አይማርም። ደግሞም መጥፎ ነገር ካየ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ያልተኛ ሰው ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ብዙው በጊዜና በጓደኛ ያገግማል፣ እረፍት ካገኘ።

እረፍት ካገኘ! ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በ2016 ኦርላንዶ ውስጥ ፐልስ በተባለው የምሽት ክበብ 49 ሰው ተገደለ። ሬሳ መሃል የገቡ ፖሊሶችና የሕክምና ሠራተኞች ነበሩ። ያኔ የፍሎሪዳ ሕግ አካሉ ሳይቆስል አእምሮው ለተጎዳው የሕክምናውን ወጪ ይሸፍን ነበር፣ ከሥራ ለቀረበት ጊዜ ግን ደመወዙን አይተካለትም ነበር። አያችሁ? ኪኒኑ ተከፍሎለታል፣ እረፍቱ አልተከፈለለትም። ሞርጌጅ ያለበት ሰው የቱን ይመርጣል? ኪኒኑን ውጦ ወደ ሺፍቱ ነዋ። ሕጉን ያስተካከሉት በ2018 ነው። ፍሎሪዳን ብቻ አንውቀስ። የንግግር ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 12 ቀጠሮ ገደማ ነው፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት አካባቢ። የእነዚያን ሰዓቶች ዋጋ የምንከፍለው እኛ ነን፣ በግብራችን። ኪኒኑ ይረክሳል። ረካሹን እየመረጥን ሐኪም ላይ መጮህ ጌጥ አይሆንልንም።

ቤት ውስጥስ? ልጃችን ፓራሜዲክ ሲሆን ፎቶውን ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን። «እማ፣ መተኛት አልቻልኩም» ሲል ግን «ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ቻለው» እንላለን። ሥራ ልቀይር ካለ «ጥቅማጥቅሙ እንዲህ እያማረ!» ይመጣል። ቴራፒስት የሚል ቃል ካነሳማ ጆሮ ዳባ ልበስ፣ ሰው እንዳይሰማ። ከዚያ ቡናው ላይ አክስት ቦርሳዋን ከፍታ የራሷን የእንቅልፍ ኪኒን ታወጣለች፣ «እቺን ግማሽ ሞክራት» ብላ። ወይዘሮ፣ ተዪው! ያንቺ ማዘዣ ያንቺ ነው። ያቺ ግማሽ ከቢራ ጋር ብትገጥም ትንፋሽ ልታቆም ትችላለች። ይልቅ አጠገቡ ቁጭ በይና ምን እንዳየ ጠይቂው፣ መልስ ባይሰጥሽም አትነሺ። ራሴን ላጥፋ የሚል ነገር ካወራ ሌሊት ይሁን ቀን 988 ደውሉ።

ኤፕሪል ላይ የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪም የቨርጂኒያው ፌርፋክስም ካውንቲ ከጁላይ 1 ለሚጀምረው በጀት ሕዝቡን ይሰማሉ። እዚያ ሐበሻ የሚታየው ስንቱ ነው? ሬስቶራንት ለመክፈት ፈቃድ ሲሆን እንደሆነ መንገዱን እናውቀዋለን። ተመዝግባችሁ ሂዱና ጠይቁ። ሕፃን የሞተበት ቡድን ያን ቀን ከሺፍት ይወጣል ወይስ ወዲያው ወደ ቀጣዩ ጥሪ ይላካል? ቴራፒ የሚሄደው በደመወዝ ሰዓቱ ነው ወይስ በእረፍት ቀኑ? ቴራፒስቱ የእሳት አደጋ ጣቢያን ኑሮ ያውቃል? 911 ስልኩን የሚያነሱትስ፣ ጩኸቱን በጆሯቸው የሚሰሙት፣ ተቆጥረዋል? እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ስትመዘገቡ አስተርጓሚ ጠይቁ።