አራት ቧንቧ

ቅዳሜ ለቤት ምረቃ ተጠርቼ ሆዴን ባዶ አድርጌ ሄድኩ። የዶሮው ሽታ ገና ከደጅ ተቀበለኝ። ጓደኛዬ ግን ጫማዬን አስወለቀኝና፣ በካልሲዬ ቀዳዳ ብቅ ያለውን አውራ ጣቴን አይቶ እንዳላየ ሆኖ፣ «ና፣ መጀመሪያ ቤቱን ላሳይህ» አለኝ።

ማን ነው ይህን ልማድ ያመጣብን? አገር ቤት እንግዳ «ኖር» ተብሎ ይቀመጣል፣ ይበላል፤ ጓዳ ዘልቆ የሚያይ ወይ ዘመድ ነው ወይ ሌባ። እዚህ ቨርጂኒያ ግን የሰው አልጋ ሳላይ እንጀራ አይቀርብልኝም። «ይሄ ማስተር ቤድሩም ነው።» አየሁ። «ይሄ ክሎዜቱ ነው።» የሚስቱን ቀሚስ ሁሉ አየሁ። ቤዝመንት ወርደን የውሃ ማሞቂያ ጎበኘን። ለውሃ ማሞቂያ ምን ይባላል? «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት።

አራተኛው መታጠቢያ ቤት ላይ ስንደርስ ቢልትሞር የሚባለው ግዙፍ ቤት ትዝ አለኝ። ሰሜን ካሮላይና፣ አሽቪል ነው ያለው፤ እዚያስ ከፍዬ ነው የገባሁት። ጆርጅ ቫንደርቢልት በ1895 (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) በገና ዋዜማ እንግዶቹን ሲቀበል ቤቱ 250 ክፍልና 43 መታጠቢያ ቤት ነበረው። ሰውዬው ያኔ ወንደላጤ ነበር!

ወንደላጤ ካልኩ አይቀር፣ እኔና ይሄ የአራት መታጠቢያ ቤት ጌታ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተጋርተን ኖረናል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ባኞውን አንድ ቀን አላጠበም። አንድ ቀን! ተንበርክኬ የምፈትገው እኔ ነበርኩ። ዛሬ እሱ ባኞ ያስጎበኘኛል።

የቫንደርቢልቶቹ አያት ኮርኔሊየስ ከስታተን አይላንድ ማንሃታን በጀልባ ሰው በማሻገር ጀምሮ፣ በእንፋሎት መርከብና በባቡር 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አካብቶ በ1877 ሞተ። ልጁ ዊሊያም ሄንሪ በስምንት ዓመት እጥፍ አደረገው። ለጋዜጠኛ «ሕዝብ ገደል ይግባ» በማለቱ ስሙ የሚነሳው ይሄው ልጅ ነው። እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። ባቡሩ ላይ የሚሳፈረው ማን ሆነና ነው? ያ ሁሉ እጥፍ ከማን ኪስ ወጣና?

የልጅ ልጆቹ ደግሞ ሮድ አይላንድ፣ ኒውፖርት ባሕር ዳር ቤት ማሠራት ያዙ። አንዱ ለሚስቱ ለአልቫ የልደት ስጦታ ብሎ በ11 ሚሊዮን ዶላር አሠራ፤ 7 ሚሊዮኑ የእብነ በረድ ብቻ ነው። በ1892 አለቀ፣ በ1895 ተፋቱ፤ ቤቱ ከእሷ ጋር ቀረ። ወንድሙ፣ የአያቱ ሞክሼ፣ 70 ክፍል ያለውን ብሬከርስን ገነባ። እዚያ ያለ ባኞ አራት ቧንቧ አለው፤ ሙቅና ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ። በ1896 ስትሮክ መታው፣ በ1899 ሞተ። ጨው ውሃውን እንኳ አልጠገበም።

አክስቴ በአያቴ አርባ ማግስት ምጣዱን ተሸክማ ስትወጣ «ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» ብላ ነበር፤ እንደዚህ ተረት የምወደው የለም። (ምጣዱ ለእናቴ ነበር የተባለው፤ ይሄን ለሌላ ቀን ላቆየው።) የቫንደርቢልት ወራሾችም ብሬከርስን በ1972 ለቅርስ ጠባቂ ማኅበር በ365,000 ዶላር ሸጡት። ዘሮቻቸው እስከ 2018 ድረስ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር፤ ከበታቻቸው ጎብኚው ባኞና ጣሪያ እያየ ይርመሰመሳል። ሕዝቡ ገደል አልገባም። ትኬት ቆርጦ ሳሎናቸው ገባ።

«ጋራዡን እኮ አላየህም» አለኝ ጓደኛዬ።

አየሁ። ከዚያ በኋላ ነው እጅ ታጠብ የተባልኩት። ፎጣ ሳነሳ ከኋላዬ «እሱን ተው፣ ለጌጥ ነው!» ብሎ ጮኸ። እጄን በሱሪዬ እየጠረግኩ ባኞውን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ውስጡን ዙሪያውን የከበበ ስስ ቡናማ መስመር አለ። አወቅሁት።