የሐሜት ጌታው ያደገባቸው ሁለት ቤቶች

አንድ ጎረምሳ አውቃለሁ። ለአንድ የዩቲዩብ ቻናል ቪዲዮ ያቀናብራል። ሰሞኑን አጠገቡ ተቀምጬ ሲሠራ አየሁት። የአንዲት ዘፋኝን ፎቶ ቆረጠ፤ የሆስፒታል አልጋ ላይ ለጠፈው፤ ጉንጯ ላይ እንባ ጨመረበት። «ታማለች እንዴ?» አልኩት። «እኔ እንጃ፤ እንዲህ ካልሆነ ሰው አይከፍተውም ብለውኛል» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። ሥራውን ገና እየለመደ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሮበርት ሃሪሰን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሃሪሰን በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ኮንፊደንሻል» የሚባለውን የአሜሪካ የሐሜት መጽሔት ያሳትም የነበረ ሰው ነው። የሆሊውድ ተዋንያንን ገመና እያወጣ፣ ገበያው በደራበት ጊዜ አንዱን እትም ብቻ እስከ 5 ሚሊዮን ቅጂ ሸጧል። ስሙ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው በ1957 ሎስ አንጀለስ ላይ ስለተካሄደው የፍርድ ቤት ክርክር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አጀማመሩ ነው።

በ1904 ኒው ዮርክ ተወለደ። ቤተሰቦቹ ዛሬ ላትቪያ ከምትባለው አገር የመጡ አይሁድ ስደተኞች ነበሩ። በ1920ዎቹ «ኢቭኒንግ ግራፊክ» የሚባል ጋዜጣ ቤት በተላላኪነት ገባ።

ግራፊክ ምን ዓይነት ቤት እንደነበር አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1925 የሀብታም ልጅ የሆነው ኪፕ ራይንላንደር ሚስቱን አሊስን «የጥቁር ዘር እንዳለባት ደብቃኛለች፤ ጋብቻው ይፍረስልኝ» ብሎ ከሰሳት። ጠበቃዋ ባሏ ቀለሟን ያውቅ እንደነበር ለማሳየት ሲል፣ በዳኛውና በጁሪው (ፍርዱን በሚሰጡት ተራ ዜጎች) ፊት ከወገቧ በላይ ልብሷን እንድታወልቅ አደረገ። በዝግ ክፍል ነበርና ካሜራ አልገባም። ግራፊክ ግን «ፎቶውን» ይዞ ወጣ። አንዲት ሌላ ሴት ጀርባዋን ገልጣ ቆመች፤ የጋዜጣው ሠራተኞች እንደ ዳኛና ጠበቃ ሆነው ከበቧት፤ ፎቶ ተነሱ። ከዚያ የባለጉዳዮቹ ፊት ተቆርጦ ተለጠፈበት። ለብልሃቱ ስምም አወጡለት፤ ኮምፖዞግራፍ። ጁሪው በመጨረሻ ለአሊስ ፈረደ። ያ ምስል ግን እስከ ዛሬ አለ።

ለአንድ ተላላኪ ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት አለ? ያላየኸውን ነገር መቁረጫና ማጣበቂያ ካለህ ታሳየዋለህ።

ሁለተኛው ቤት ደግሞ የባሰ ይገርማል። ሃሪሰን ከዚያ በኋላ የተቀጠረው ማርቲን ኩዊግሊ ዘንድ ነው። ኩዊግሊ የፊልም ንግድ መጽሔቶች አሳታሚና አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። ሆሊውድ ምን ማሳየት እንደማይፈቀድለት የሚደነግገውን የ1930ውን ደንብ ካረቀቁት አንዱ ነው። ሃሪሰን ቀን ቀን የዚህን ሰው ሥራ ይሠራል። ማታ ማታ እዚያው ቢሮ ቁጭ ብሎ ራቁታቸውን ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ሴቶችን ፎቶ እየለጣጠፈ «ቢዩቲ ፓሬድ» የተባለ የራሱን መጽሔት ያዘጋጃል። በ1941 ተነቃበትና ተባረረ። በኋላ የእንዲህ ዓይነቶቹ መጽሔቶች ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ በ1952 ኮንፊደንሻልን ጀመረ።

ብዙዎች ገንዘብ አሳወረው ይላሉ። ገንዘቡማ ነበር። እኔ ግን ከአንዱ ቤት ማስመሰልን፣ ከሌላው ደግሞ ሰው የተከለከለውን ነገር እንዴት አጥብቆ እንደሚፈልግ ተማረ እላለሁ። ሁለቱም ቤቶች ውስጥ አለቆች ነበሩ። የግራፊኮቹ «ይህቺ ሴት ነገ ጎረቤቶቿን በምን ዓይኗ ታያለች?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ተላላኪውም ይሰማ ነበር። የኛም አለቆች፣ ኤዲተሮች፣ የቻናል ባለቤቶች፣ እነዚህን ልጆች ምን እያስተማርናቸው ነው? ልጁን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው።

የዚያን ቀን ጎረምሳውን አንድ ነገር ለመንኩት፤ እባክህ እንባውን አጥፋው። አጠፋው። አልጋውን ግን ለመንካት አልደፈረም። አለቃው ያየዋላ።